ስሟ ያልተጻፈ አጋር

ማታ አንድ እፍኝ ተልባ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ብትተኙ ጠዋት የምታገኙት ውሃ አይደለም። ጠጣርም አይደለም። ማንኪያ ሲገባበት የሚከተል፣ ሲወጣ የሚንጠለጠል፣ እናቶቻችን "ዝልግልግ" የሚሉት ነገር ነው። ጨጓራ ያስቸገረው ሰው በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል። ከእኛ መሃል ፀጉሯን መተኮስ የተወችው ደግሞ በስስ ጨርቅ አጥልላ ፀጉሯ ላይ ትቀባዋለች። ሱቅ ውስጥ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ፣ ሽቶ ተጨምሮበት፣ የውጭ ቋንቋ ተጽፎበት ቢቀመጥ "ጄል" ይባል ነበር። ጓዳ ውስጥ ሲሆን ግን ስም የለውም፤ የተልባ ውሃ ነው፣ በቃ።

ይህን ያነሳነው ስለ ፀጉር ለማውራት አይደለም (ብናወራም አይከፋንም ነበር)። የዛሬው ወጋችን ስለ ሌላ ዝልግልግ ነው። ከባሕር አረም የሚወጣ፣ ከጓዳ ተነስቶ የዓለምን ቤተ ሙከራ ሁሉ የሞላ፣ ወደዚያ ያሸጋገረችው ሴት ስም ግን ለብዙ ዘመን ከመጽሐፍ የቀረ ነገር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

ድንች አልበቃ ሲል

በ1870ዎቹ የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታን ምን ያመጣዋል በሚለው ይከራከሩ ነበር። አንዳንዱ ክፉ አየር ነው ይላል። ሌላው በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ነው ይላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ከሁለተኞቹ ወገን ነበር። አንድ በሽታ አንድ የታወቀ ጀርም እንዳለው ለማሳየት ግን መጀመሪያ ያንን ጀርም ከሌሎቹ ለይቶ ብቻውን ማሳደግ ያስፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ ባክቴሪያ የሚያድገው በሾርባ ውስጥ ነው። ሾርባ ደግሞ እንደ ሠርግ ድንኳን ነው፤ የተጠራውም ያልተጠራውም ገብቶ ይቀላቀላል። ማን ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ጠጣር ነገር ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዷ ጀርም ያረፈችበት ቦታ ላይ ትቀራለች፤ እዚያው ተባዝታ በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ትሆናለች። የአንዷ ዘር ከሌላዋ ዘር ተለይቶ ተቀመጠ ማለት ነው።

ኮክ መጀመሪያ የተቀቀለ ድንች እየቆረጠ ሞከረ። ጥቂት ሠራ። ብዙዎቹ ጀርሞች ግን ድንች አይወዱም። ቀጥሎ ወደ ጀላቲን ዞረ። ጀላቲንን ታውቁታላችሁ፤ የቅልጥም ሾርባ ተሠርቶ ሲያድር ጠዋት ድስቱ ውስጥ ረግቶ እየተንቀጠቀጠ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ኮክ ሾርባውን ከጀላቲን ጋር ቀላቅሎ መስታወት ላይ አረጋው፤ በ1881ም ዘዴውን አሳተመ። የሚያሳልፍ፣ ለማየት የሚመች፣ ጥሩ ነገር ነበር።

ሁለት እንከን ግን ነበረበት። አንደኛው ሙቀት ነው። ሰውን የሚያጠቁ ጀርሞች የሚወዱት የሰውን የገላ ሙቀት ነው፤ ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ጀላቲን ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይቀልጣል። የቅልጥሙን ሾርባ ምድጃ ላይ መልሳችሁ ስትጥዱት የሚሆነውን አስቡት። ሁለተኛው ደግሞ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ጀላቲኑን ራሱን ይበሉታል። መድረክ ሠርታችሁ ተዋናዩ መድረኩን ቢበላባችሁ እንደማለት ነው።

ከኒው ዮርክ እስከ በርሊን

አሁን ወደ ፋኒ እንምጣ። ሙሉ ስሟ አንጀሊና ፋኒ አይልሸሚየስ ይባላል። በ1850 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ከሆላንድ የመጣ የአስመጪነት ነጋዴ ነበር። ወንድሟ ሉዊስ አይልሸሚየስ ሠዓሊ ሆኖ ስሙ ከአሜሪካ የሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። ፋኒ በ1874 ዋልተር ሄሰ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም አግብታ ወደ ሳክሶኒ ሄደች።

ዋልተር ቀላል ሰው አልነበረም። በአካባቢው ያሉ የማዕድን ሠራተኞች በሳንባ በሽታ እየረገፉ መሆናቸውን አይቶ በ1879 ከአንድ የሙያ ባልደረባው ጋር ስለ ሽኔበርግ ማዕድን ቆፋሪዎች የሳንባ ካንሰር የጻፈ ሐኪም ነው። ከዚያ አየር ወለድ ጀርሞችን ማጥናት ፈለገና በ1881 በርሊን ኮክ ቤተ ሙከራ ገባ። ፋኒ ቤቱን ትይዛለች፣ ልጆቹን ታሳድጋለች፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታግዘዋለች፣ ለጽሑፎቹ የሚሆኑትን ሥዕሎች ትሥላለች። ደመወዝ? እሱን አትጠይቁን።

ታዲያ በበጋው ሙቀት የዋልተር ጀላቲን እየቀለጠ አስቸገረው። የልፋቱ ውጤት ሁሉ ውሃ ሆነ። ቤቱ ውስጥ ግን ሚስቱ የምትሠራው ጄሊና ጣፋጭ በዚያው ሙቀት ረግቶ ይቀመጣል። እንዴት ነው ብሎ ጠየቃት። ምስጢሩ አጋር-አጋር ነው አለችው። ከባሕር አረም የሚወጣ ነገር ነው፤ ቀድሞ ጃቫ የኖሩ የሆላንድ ሰዎች ኒው ዮርክ ሳለች ለቤተሰቧ ያሳዩት። ዋልተር ሞከረው። ሠራ። ለኮክም ነገረው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ምን እንደተፈጠረ እናስረዳ። አጋር የሚወጣው ቀይ ከሚባሉት የባሕር አረሞች ነው። ከስኳር ቀለበቶች የተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሳይንሱ ተፈጥሯዊ ፖሊመር ይለዋል። ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ፤ ጉንጉኖቹ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ውሃው መረቡ ውስጥ ይታሰራል። ለአንድ ሊትር ውሃ 15 ግራም ያህል ይበቃል። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ይረጋል፣ ከረጋ በኋላ ግን 85 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ 37 ዲግሪ ላይ ቀናት ቢቀመጥ ንቅንቅ አይልም። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎችም አይበሉትም። የጀላቲን ሁለቱም እንከኖች በአንድ የጓዳ ዕቃ ተፈቱ።

አንድ ዓረፍተ ነገር

መጋቢት 24 ቀን 1882 ኮክ በርሊን ላይ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ማግኘቱን ለዓለም አሳወቀ። ዛሬም የዓለም የቲቢ ቀን የሚከበረው በዚያው ዕለት ነው። እውነቱን ለመናገር ባሲሉን በዋናነት ያሳደገው በረጋ የደም ሴረም ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ ግን በገላ ሙቀት የማይቀልጥ፣ በአጋር-አጋር የተሠራ ማሳደጊያም እንዳለ እግረ መንገዱን ጠቀሰ። ከየት እንዳመጣው አልተናገረም። የዋልተርም ስም የለም፤ የፋኒማ ጭራሽ አይታሰብም።

በ1887 ደግሞ የኮክ ረዳት የነበረው ዩሊየስ ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ሠራ። ጥሩ ሳህን ነው፤ አንክድም። ከዚያ ጀምሮ ሳህኑ በዓለም ሁሉ "የፔትሪ ሳህን" ይባላል። ባዮሎጂ የተማርን ሁሉ ስሙን እናውቀዋለን። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን፤ ሳህኑ የባለቤቱን ስም ይዞ ቀረ፣ ሳህኑ ላይ የቀረበው ምግብ ግን አብሳይ የለውም።

ሄሰዎች ከዚህ ነገር ሳንቲም አላገኙም። ዋልተር በ1911 ሞተ። ኮክ በ1905 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ፋኒ እስከ 1934 ኖረች። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘበት ሻጋታ የወደቀው አጋር የፈሰሰበት ሳህን ላይ ነበር። ያኔ የ78 ዓመት ባልቴት ነበረች።

ታሪኩ በእንግሊዝኛ በደንብ የተጻፈው እሷ ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1939 ሂቼንስና ሊኪንድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአንድ የባክቴሪያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጡትና አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ይህ ማሳደጊያ "የወይዘሮ ሄሰ ማሳደጊያ" ቢባልስ? ቆንጆ ሐሳብ ነበር። ማንም አልተቀበለውም።

በአማርኛ ነገሩ ሌላ ጣዕም አለው። አጋር-አጋር የማላይ ቃል ነው፤ ከእኛ ቃል ጋር ዝምድና የለውም። ግን እኛ "አጋር" ስንል ረዳት፣ ደጋፊ፣ አብሮ የሚቆም ማለታችን ነው። የሠርግ ንግግር ላይ "የሕይወት አጋሩ" ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? ፋኒ የዋልተር አጋር ነበረች። አጋርም ሰጠችው። አጋር መሆን ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው ይኸው ነው፤ ስም ሲጻፍ መስመሩ ያልቃል።

ከእንግዳ ማረፊያው ደጅ

እዚህ ላይ ብንቆም ግን እኛም የኮክን ስህተት ሠራን ማለት ነው። ፋኒ አጋርን አልፈጠረችውም። ከጃቫ የመጡ ሆላንዳውያን ነገሯት፤ እነሱም አልፈጠሩትም። በእስያ ጓዳዎች ያበስሉት የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ የእነዚያን ስም ማንም አልጻፈውም።

ጃፓን ውስጥ ግን አንድ ስም አለ። ተረት ይሁን ታሪክ በትክክል ባይለይም ጃፓኖች እንዲህ ብለው ይተርኩታል። በ1658 አካባቢ ኪዮቶ አጠገብ ፉሺሚ በሚባል ቦታ ሚኖያ ታሮዛኤሞን የሚባል የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። ክረምት ላይ አንድ ትልቅ መስፍን ከነተከታዮቹ አርፎበት ከባሕር አረም የተሠራ ዝልግልግ ምግብ አቀረበለት። የተረፈውን ከደጅ ጣለው። ሌሊት በረዶ ሆነ፤ ቀን ፀሐይ አቀለጠው፤ እንዲህ እየተመላለሰ ከቀናት በኋላ ደርቆ እንደ ቀላል ብጥስጣሽ ሆነ። አንስቶ ቢቀቅለው መልሶ ረጋ፤ እንዲያውም ከቀድሞው የጠራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አጋር ደርቆ የሚቀመጥ፣ በመርከብ የሚጫን ሸቀጥ ሆነ። ጃፓኖች "ካንተን" ይሉታል፤ ቀዝቃዛ ሰማይ ማለት ነው። ፋብሪካው ሰማይ ነበራ!

ሰማዩ ለብዙ ዘመን ለጃፓን ብቻ ሠራ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የዓለም ዋና አጋር አምራች ጃፓን ነበረች። በ1941 መጨረሻ ጃፓንና አሜሪካ ወደ ጦርነት ሲገቡ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቤተ ሙከራዎች መደርደሪያቸው መራቆት ጀመረ። ቁስለኛ በሚጎርፍበት፣ ክትባት በሚፈለግበት ሰዓት ጀርም ማሳደጊያ ሲጠፋ አስቡት። ካሊፎርኒያ፣ እንግሊዝ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ የየራሳቸውን ባሕር ዳርቻ ማሰስ ያዙ። ኒው ዚላንድ ውስጥ ፍለጋውን በሳይንስ ከመሩት አንዷ ሉሲ ሙር የተባለች የዕፅዋት ተመራማሪ ነበረች፤ አገሯም የራሷን የአጋር ኢንዱስትሪ ጀመረች። ይህች ሴት ስሟ አልቀረም። እኛም ደስ ብሎን ጻፍነው።

የጥርስ ሐኪሞችም ችግር ላይ ወደቁ። የጥርስን ቅርጽ የሚወስዱት በአጋር ነበር። እነሱ ወደ ሌላ የባሕር አረም ውጤት፣ ወደ አልጂኔት ዞሩ። አልጂኔት ከቡናማዎቹ አረሞች የሚወጣ ሲሆን እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ ያገኘው ደግሞ በዚያው በ1881 ነው። ዛሬም የጥርስ ሐኪም አፋችሁ ውስጥ ያን የሚቀዘቅዝ ሊጥ ሞልቶ "ንከሱ" ሲላችሁ የጦርነቱን ትራፊ እየነከሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ

ከጦርነቱ በኋላ ዓለም ወደ ነዳጅ ዘይት አዘነበለ። ከነዳጅ የሚሠሩ ጄሎች መጡ። የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ያለው፣ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ውሃ የሚይዘው ዱቄት ከእነዚህ አንዱ ነው። ይሠራል፤ ችግሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በቀላሉ አይበሰብስም። ልጁ አድጎ፣ ተመርቆ፣ ብሎግ ሲጽፍ ዳይፐሩ አሁንም ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሊኖር ይችላል። (የእኛዎቹ ጨርቅ ስለነበሩ ከደሙ ንጹሕ ነን።)

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ አሮጌው ጓዳ እየተመለሱ ነው። ከባሕር አረም፣ ከዕፅዋት ሴሉሎስ፣ ከስታርች፣ ከሽሪምፕ ቅርፊት ከሚወጣው ኪቶሳን ጄል ይሠራሉ። ለቁስል መሸፈኛ፣ አፈር ውስጥ ውሃ ይዞ ለማቆየት፣ ፕላስቲክን ለመተካት። በ2019 የለንደን ማራቶን ላይ፣ ሞስነት ገረመውና ሙሌ ዋሲሁን ከኪፕቾጌ ኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ በወጡበት ውድድር፣ ለሕዝቡ ሯጮች መጠጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ፋንታ ከባሕር አረም በተሠራች ከረጢት ታድሎ ነበር። ከረጢቷን ከነመጠጧ መዋጥ ይቻላል።

ግን እዚህም ላይ አንቸኩል። "ተፈጥሯዊ" ማለት "የማያልቅ" ማለት አይደለም። ለቤተ ሙከራ የሚሆነው ምርጥ አጋር የሚገኘው ጄሊዲየም ከሚባል አረም ሲሆን ይህን አረም ለዓለም በብዛት የምታቀርበው ሞሮኮ ነበረች። አረሙ ከመጠን በላይ ታጨደ። መንግሥት የሚታጨደውንና ወደ ውጭ የሚላከውን ገደበ። በ2015 መጨረሻ የዓለም ቤተ ሙከራዎች እንደ 1941ዱ ደነገጡ፤ ዋጋው ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ፤ ትልልቅ አከፋፋዮችም አንዳንድ የአጋር ምርቶቻቸውን መሸጥ እስከማቆም ደረሱ። ነዳጅን ትተን ባሕሩን ብናራቁት ምኑን ዳንነው?

እንዶድና ተልባ

ይህን ሁሉ እያነበብን ሳለ አእምሯችን ወደ አድዋ ሄደ። በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከዚያች ወንዝ የተጀመረው ምርምር በ1989 ለዶክተር አክሊሉና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት አስገኘ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ የፓቶባዮሎጂ ተቋም አለ።

ልዩነቱን ልብ በሉልን። ኮክ አጋርን ሲጠቅስ ሰው አልጠቀሰም። ዶክተር አክሊሉ ግን ታሪካቸውን ሲያወሩ ሴቶቹን ከታሪኩ አላወጧቸውም፤ እኛ ስለነዚያ አጣቢዎች የምናውቀው እሳቸው ስለነገሩን ነው። ክብር ይገባቸዋል። ይሁንና የሴቶቹን ስም ዛሬ ማን ይነግረናል? "ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ" ብለን እንጽፋለን፤ እኛም አሁን እንደዚያው ጻፍን። ለዘመናት እንዶዱን የመረጠ፣ የቀጠቀጠ፣ የሞከረ፣ ለልጅ ያስተማረ እጅ "ሴቶች" በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ቀረ።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚሰጡን ጥያቄዎች ይታወቃሉ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። "ማን" ከሁሉ ይቀድማል። ሥራ ዓለም ስንገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ከእኛ አንዷ ልምምድ ላይ ሳለች ፀሐይ ላይ ቆማ ለቅማ ያመጣችው ዜና በሌላ ሰው ስም ታትሞ አየች። ስትጠይቅ "ዋናው ዜናው መውጣቱ ነው" ተባለች። ያኔ መልስ አልነበራትም። አሁን አላት፤ ዋናው እሱ ከሆነ የእርስዎን ስም ለምን ጻፉት?

ስም ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ጄሊው ረግቷል፣ ጀርሙ ተለይቷል፣ ሰው ድኗል። እውነት ነው። ግን ዕውቀት ስም አልባ ሲሆን ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ባለቤት የሌለው ደግሞ ማንም ያነሳዋል፣ ወይም ማንም ሳያነሳው ይጠፋል። ጓዳችን ውስጥ ከተልባ ሌላ ቡላ አለ፣ አጥሚት አለ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ፣ ውሃ የሚይዝ፣ የሚያጣብቅ ስንት ነገር አለ። ማን እንደሚያውቀው ካልጠየቅን ነገ ከውጭ በፕላስቲክ ታሽጎ ሲመጣ በውድ እንገዛዋለን።

ይህን ጽሑፍ ስንጨርስ ከእኛ መሃል ያቺ ባለ ተልባዋ ቤቷ ገብታ እናቷን ጠየቀች። "እማዬ፣ ተልባ ለፀጉር እንደሚሆን ማን አሳየሽ?"

"እናቴ ናታ።"

"እሷንስ?"

እናት ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አንዲት የሠፈር ጎረቤት ስም ጠሩ፤ ፀጉራቸው ወገባቸው ድረስ የነበረ፣ ከሞቱ ቆይተዋል አሉ። "ደግሞ ይህን ለምን ፈለግሽው?" ብለውም ሳቁ።

ስሙን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋዋለች። እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቁና ጻፉት።

ቸር እንሰንብት።